መብራት የጠፋበትን ሌሊት አስበው ይጀምሩ

ጥያቄ፦ «ቤታችን ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ቦታው 300 ካሬ ሜትር ሲሆን ፎቅ የሌለው ቪላና ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለው፤ አንደኛውን ክፍል አከራይተናል። ባለፈው ወር የጎረቤታችን የውኃ ፓምፕ በሌሊት ተፈትቶ ስለተወሰደ ካሜራ ለመትከል ወስኛለሁ። ስምንት ባለ 8 ሜጋፒክሰል የዋይፋይ ካሜራ ገዝቼ በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ መስቀል፣ ያለኝን አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ሰርቨር ማድረግ አስቤአለሁ፤ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነው። ኢንተርኔቴ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው። በየወሩ ለውጭ ድርጅት መክፈል አልፈልግም፤ ከሥራ ቦታዬ ግን በስልኬ ማየት እፈልጋለሁ። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ዕቅዴን እንዴት ያዩታል?»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎ ውስጥ ትልቁን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገው ያለፉት መሰለኝ። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል ብለዋል፤ እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው። ሌባ ሌሊት የሚመርጥ ከሆነ ሰፈሩ ድቅድቅ ብሎ የጨለመበትን፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ኮቴ የማይሰማበትን ሌሊት ይመርጣል። ጨለማውን መጠበቅም ላያስፈልገው ይችላል፤ ቆጣሪዎ ከአጥሩ ውጭ የተተከለ ከሆነ ብሬከሩን ወደ ታች መጫን የአንድ ሴኮንድ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ስምንቱም የዋይፋይ ካሜራዎች በአንድ ቅጽበት ይታወራሉ። ስለዚህ የሚገዙትን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይመዝኑት፦ መብራት ጠፍቶ እስኪነጋ ቢቆይ ይህ ዕቃ ይሠራል ወይ?

የዋይፋይ ካሜራ ሽቦ አልባ የሆነው ለምስሉ ብቻ ነው። ለኃይሉ እያንዳንዱ የራሱን አዳፕተርና የራሱን ሶኬት ይፈልጋል። በጣሪያው ዙሪያ ስምንት ሶኬት ማውጣት አንድ ጣጣ ነው፤ ስምንቱንም ወደ ባትሪ መስመር ማዞር ደግሞ የቤቱን ሽቦ እንደ አዲስ መዘርጋት ማለት ነው። በምትኩ ፒኦኢ የሚባለውን አሠራር ይምረጡ። በዚህ አሠራር ምስሉም ኃይሉም በአንድ የኔትወርክ ኬብል ይሄዳል፤ ኃይሉን የሚያከፋፍለው ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ስዊች ነው። የተለመደው ዓይነት ለአንድ መስመር እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ አንድ ካሜራ በጨለማ የሚያይበትን፣ ለዓይን የማይታየውን ብርሃን (ኢንፍራሬዱን) አብርቶ እንኳ ከ5 እስከ 7 ዋት ቢወስድ ነው። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ያስኬዳል፤ በእርስዎ ግቢ ረጅሙ መስመር 40 ሜትር የሚሞላ አይመስለኝም። ስዊቹን፣ ሰርቨሩንና ራውተሩን የሚይዝ አንድ ባትሪ ካለ ካሜራዎቹ ሁሉ አብረው ይተርፋሉ።

ኬብሉን ሲገዙ አይቸኩሉ። ገበያው ላይ ከውጭ ሲታዩ የማይለዩ ሁለት ዓይነት ጥቅልሎች ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ አንዱ ንጹሕ መዳብ፣ ሌላው መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይመኑ። መርካቶ ሄደው ከጫፉ አንዲት ቀጭን ሽቦ ይላጡና በቢላዋ ስለት ፋቅ ፋቅ ያድርጓት፤ ቀዩ መልክ ለቅቆ ከሥሩ ነጭ ብረት ብቅ ካለ ጥቅልሉን ለባለሱቁ ይመልሱለት። ሁለቱን ካርቶኖች በእጅ መዝኖ ማየትም ይረዳል፤ መዳቡ ይከብዳል። አሉሚኒየሙ ኃይል ሲሄድበት ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል፤ ካሜራውም ቀኑን ሙሉ ደህና ውሎ ማታ ኢንፍራሬዱ ሲበራ ይጠፋል። ጤነኛ ካሜራ በዚህ ሰበብ «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲቀየር፣ የተተካውም በማግሥቱ ማታ ሲጠፋ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ብዛቱ እንምጣ። ስምንት ካሜራ አያስፈልግዎትም፤ በትክክል የተቀመጡ አራት ይበልጣሉ። ሰው ካሜራ ሲገዛ ስንት ሜጋፒክሰል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ስለ ሌንሱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሙያው የሚሠራበት ልኬት እንዲህ ነው፦ የማያውቁትን ሰው ፊት ለይቶ ለመያዝ በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክሰል ያስፈልጋል፤ የሚያውቁትን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125 ይበቃል። ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ ወርዱ 2560 ፒክሰል ነው። ስለዚህ ፊት ለይቶ የሚይዘው የሚያየው ስፋት ከ10 ሜትር ሳይበልጥ ነው። ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ አካባቢውን በሰፊው ስለሚያይ ይህን ስፋት የሚሞላው 4 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ ፊት እያደር የደበዘዘ ነጥብ ይሆናል። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ግን ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ እስከ 11 ሜትር ያህል ይደርሳል። የሜጋፒክሰሉ ቁጥር መጨመሩ ለቀን ይረዳል፤ ለሌሊት ግን ብርሃኑን የሚቀበለው የውስጥ ክፍል (ሴንሰሩ) ካልሰፋ ያው ትንሽ ብርሃን ለብዙ ፒክሰል ይከፋፈልና ምስሉ ይጨልማል። በእኔ ምርጫ ባለ 4 ሜጋፒክሰል ሆኖ ሴንሰሩ 1/1.8 ኢንች የሆነ ካሜራ፣ ሴንሰሩ ከጠበበ ባለ 8 ሜጋፒክሰል ይሻላል።

በጣሪያው ጠርዝ መስቀል የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ይተዉት። ለገጣፎ አካባቢ ስርቆት ከተፈጸመ በኋላ ቅጂውን እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ስድስት ካሜራ አለ፤ ሁሉም ከመሬት 4 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሏል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ በጓሮ በኩል ይገባል። ጫማው ይታያል፤ ሸራ ነው፣ የግራው ክር ተፈትቷል። የጋቢው ጥለት መስመር ሳይቀር ይቆጠራል። ግቢውን ዞሮ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ተሸክሞ እስኪወጣ ድረስ ፊቱ በስድስቱም ካሜራ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየም፤ ከላይ ሆነው የሚያዩት የጋቢውን አናት ብቻ ነበር። በዚህ በደጋ ብርድ ማታ ማታ የሚከናነብ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ የሚከናነብን ሰው ፊት ግን ከላይ መያዝ አይቻልም።

ስለዚህ ዋናውን ካሜራ ከእግረኛው በር ፊት ለፊት፣ ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከበሩ 4 ወይም 5 ሜትር ርቀት ባለው ግድግዳ ላይ ያድርጉት፤ ለዚህ ርቀት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይስማማል። የበሩ ላሜራ ኢንፍራሬዱን መልሶ እንዳይረጭበት ትንሽ ወደ ጎን ያዘንብሉት። ከተቻለ በዚያው ባትሪ የምትሠራ አንዲት 5 ዋት አምፖል በሩ ላይ ሌሊቱን ትብራ። ኢንፍራሬድ ቀለም አያሳይም፤ አንዳንዱ ጥቁር ጃኬት ነጭ መስሎ ይታያልና ምስክርነቱ ያሳስታል። ሁለተኛው ካሜራ የሳሎኑን በርና በረንዳውን ይይ። ሦስተኛው በቤቱና በአጥሩ መካከል ያለውን የጓሮ መተላለፊያ ይያዝ፤ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ የሚገባው እዚያ ነው። አራተኛው የውኃ ማጠራቀሚያውንና ፓምፑን ይጠብቅ። የጎረቤትዎ ፓምፕ ከተፈታ የእርስዎንም አይተውት ይሆናል።

የካሜራው ገላ ዝናብ ቢችልም ከኋላው የሚንጠለጠለው የኬብል መገናኛ ግን አይችልም። መገናኛውን በሣጥን ውስጥ ያድርጉት፤ ኬብሉም ግድግዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይመለስ፤ ውኃው ከጎባጣው ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት አይገባም። ሸረሪት ደግሞ ኢንፍራሬዱ የሚሰበስበውን ትንኝ ፍለጋ ሌንሱ ፊት ድሯን ታደራለች፤ ሌሊት ያቺ አንዲት ክር እንደ ገመድ ደምቃ ምስሉን ትሸፍናለች። በወር አንድ ጊዜ በመጥረጊያ ጫፍ ጠረግ ማድረግ ነው።

ወደ ሰርቨሩ ስንመጣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባለ 8 ሜጋፒክሰል ካሜራ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት፣ ማለትም 1 ሜጋባይት ያህል ቢያመርት በቀን 86 ጊጋባይት ይሆናል፤ ስምንቱ አንድ ላይ 690 ገደማ። የእርስዎ 500 ጊጋባይት ዲስክ በ17 ሰዓት ይሞላል ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ የተሰረቀውን ረቡዕ ማታ ቢፈልጉት በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል። ባለ 4 ሜጋፒክሰሉ ቪዲዮውን አሳንሶ በሚያስቀምጠው የኤች.265 አቀዳድ 4 ሜጋቢት ይበቃዋል፤ በቀን 43 ጊጋባይት፣ ለአራቱ 173 ነው። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ሦስት ሳምንት ያቆይልዎታል። ዲስኩ ሌት ተቀን እንዲጻፍበት ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ፐርፕል ወይም ስካይሆክ ብለው ይጠይቁ። ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ሲስተም ደግሞ ለብቻው ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ፣ በትንሹ ላይ ይጫኑት።

አሮጌውን ኮምፒውተር በተመለከተ፣ ትልቁ የጠረጴዛ ዓይነት ከሆነ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንኳ 60 እና 70 ዋት ሊበላ ይችላል። ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ከሚሸጡበት ቀጭኑን ዓይነት፣ ስድስተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር ያለውን ይፈልጉ። ከ20 ዋት ብዙም አይርቅም፤ የኢንቴሉ የውስጥ ግራፊክስም ቪዲዮውን ስለሚፈታለት ዋናው ፕሮሰሰር አይጨነቅም። አዲስ ከገዙ ኤን 100 የተባለው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የወጣው የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለበት ሚኒ ኮምፒውተር ከዚያም ያነሰ ይበላል፤ ትልቁን ሃርድ ዲስክ ግን ሆዱ ውስጥ አይቀበልም።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ የካሜራ መቅረጫ ፕሮግራም የሆነውን ፍሪጌትን እመክራለሁ፤ የሚጫነው ሊኑክስ በተባለው ሲስተም ላይ፣ ዶከር በተባለው የፕሮግራም ማስኬጃ በኩል ነው። ነፃ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ ምስሉ ከቤትዎ አይወጣም። ከእያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ምስል ይወስዳል፦ ትልቁን ለመቅዳት፣ ትንሹን በሴኮንድ 5 ፍሬም ያህል እያየ ሰው ለመለየት። ይህ መለየት ቅንጦት አይደለም። ማንኛውንም እንቅስቃሴ የሚያሳውቅ ካሜራ የባሕር ዛፉ ጥላ በተወዛወዘ ቁጥር፣ ዝናብ በወረደ ቁጥር ስልክዎን ያስጮኸዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን ያጠፉታል፤ ከዚያ በኋላ ካሜራ የለዎትም ማለት ነው። የሚገዙት ካሜራ ካሜራ ከሌላ ድርጅት ዕቃ ጋር የሚነጋገርባቸውን የጋራ ቋንቋዎች፣ ኦንቪፍንና አርቲኤስፒን፣ እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ ብር አይክፈሉ፤ በአምራቹ መተግበሪያ ብቻ የሚሠራው ዓይነት ከሰርቨርዎ ጋር አይነጋገርም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ፍሪጌት ሲጫን አብሮት የሚመጣው መለያ የሠለጠነው ኮኮ በተባለው የሥዕል ስብስብ ነው። ስብስቡ ሰው፣ ውሻ፣ በግ፣ ላም፣ ቀጭኔና ዝሆን ሳይቀር አለው፤ ጅብ ግን የለውም። በእኔ ሰፈር ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ቆሻሻ ገንዳው ዘንድ የሚመላለሰው ጅብ በሰርቨሬ መዝገብ ውስጥ «ውሻ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ አንድ ሌሊት ደግሞ «ድብ» ሆኖ አደረ። ማስጠንቀቂያው ለሰው ብቻ እንዲሆን ካዘዙት ጅቡ በሰላም ያልፋል፣ እርስዎም በሰላም ይተኛሉ።

ባትሪው ጋ ደረስን። አራት ካሜራ 24 ዋት፣ ሰርቨሩ 20፣ ዲስኩና ስዊቹ 10፣ ራውተሩ 8፤ በድምሩ 60 ዋት ያህል ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፤ ይህን ጭነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሸከምም። ባለ 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ነው። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሲቀነስ 8 ሰዓት ተኩል ያህል ያቆማል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ውድ ቢሆንም ከይዘቱ 80 በመቶውን ያለ ሥጋት ስለሚሰጥ 14 ሰዓት ይደርሳል። መጀመሪያ ያሰቡት ዕቅድ በዚሁ የእርሳስ ባትሪ ላይ ቢጫን፣ ስምንቱ ካሜራና ትልቁ ኮምፒውተር ከ4 ሰዓት በላይ አይሄዱም ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠፋ መብራት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ባዶ ያስቀርዎታል፤ ሌባው ገና አልተነሣም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። ባትሪው አልቆ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ መነሣት አለበት። ኮምፒውተሩ ሲከፈት በሚመጣው የባዮስ ማስተካከያ ውስጥ ኃይል ሲመለስ እንዲበራ የሚያዝ ምርጫ አለ፤ እሱን ያብሩት። ይህን ያላደረገ አንድ ቤት ለሁለት ወር አራት ካሜራ ተሰቅሎ ምንም ሳይቀዳ ኖሯል፤ የታወቀውም ሰው ሲፈልገው ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ መብረቅ አለ። በራሴ ግቢ ከቤቱ ወደ ሰርቪሱ 15 ሜትር ኬብል በአየር ላይ ዘርግቼ ነበር። አንድ የሐምሌ ከሰዓት መብረቁ የወደቀው ቤቴ ላይ ሳይሆን ከአጥሩ ማዶ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት ካሜራ፣ ስዊቹና የሰርቨሩ የኔትወርክ ቀዳዳ አብረው ተቃጠሉ። ረጅም ሽቦ በአጠገቡ የወደቀን መብረቅ እንደ አንቴና ይሰበስባል። ስለዚህ ወደ ሰርቪሱ በኩል የሚያይ ካሜራ ካለዎት ሰርቪሱ ላይ ሳይሆን ዋናው ቤት ላይ ሰቅለው ወደዚያ ያዙሩት። ኬብሎቹ ግድግዳ ተከትለው በቱቦ ውስጥ ይሂዱ፤ የስዊቹ የመሬት ሽቦም በእርግጥ መሬት የነካ መሆኑን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስፈትሹ።

ከሥራ ቦታ ማየትን በተመለከተ፣ የራውተሩን በር፣ ማለትም ከኢንተርኔት ወደ ቤትዎ ኔትወርክ የሚያስገባውን መንገድ፣ ከፍቶ ካሜራውን ለዓለም ማጋለጥ የሚለውን ምክር ከማንም አይቀበሉ። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና መቅረጫዎች በብዛት ማርኮ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በአሜሪካ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ያንገላታው በእነሱ ነው። በሲም ካርድ የሚሠራ ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያጋራ በሩን ልክፈት ቢሉም አይከፈትልዎትም። ቴይልስኬል የተባለውን ፕሮግራም በሰርቨሩና በስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ በሁለቱ መካከል የተመሰጠረ መንገድ ይከፍታል፣ ለግል አገልግሎትም ነፃ ነው። ካሜራዎቹ ራሳቸው ኢንተርኔት እንዳያገኙ ሰርቨሩ ላይ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨምረው የካሜራውን ስዊች ለብቻው ያገናኙት።

ቀኑን ሙሉ የሚቀዳውን ሁሉ ወደ ውጭ መላክ አይሞከርም። ሰው የታየበትን 10 ሴኮንድ ብቻ አሳንሰው በ2 ሜጋቢት ቢልኩት ግን 2.5 ሜጋባይት ነው፤ በቀን 30 ጊዜ ቢሆን እንኳ ወሩ ከ2.5 ጊጋባይት አይበልጥም። ይህችን ቅጂ ዘመድ ቤት ወዳለ ሌላ ኮምፒውተር ይላኩ፤ ሌባ ሰርቨሩንም አንሥቶ ሊሄድ ይችላልና። ሰርቨሩን ቴሌቪዥኑ ሥር አያስቀምጡት፤ አየር የሚገባው ቁም ሣጥን ወይም ዕቃ ቤት ይሻላል።

የተከራይዎ በርና የጎረቤትዎ ግቢ በምስሉ ውስጥ ከገቡ በካሜራው ማስተካከያ ያንን ክፍል በጥቁር ይሸፍኑት፤ ድምፅ መቅጃውንም ያጥፉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንንም ሰው የግል ሕይወትና መኖሪያ ያስከብራል። ካሜራ እንዳለ ለተከራይዎ አስቀድመው በአፍ ይንገሩት።

ሰዓቱን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ያስተካክሉ። ብዙው ካሜራ የሚመጣው በቻይና ሰዓት ነው፤ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 የሆነ ነገር በትክክለኛው ካሜራ ላይ 02:14 ይላል፤ ባልተስተካከለው ላይ 07:14። እንዲህ ያለውን ቅጂ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ሰው «ጠዋት ነው ወይስ ማታ?» ተብሎ ሲጠየቅ አብሬው ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ የተነገረው ሁሉ ተጠራጣሪ ጆሮ ላይ ነው የወደቀው። ካሜራዎቹ ሰዓታቸውን ከሰርቨሩ እንዲወስዱ ያድርጉ፤ በፍሪጌት ገጽ ላይ ቅጂው የሚፈለገው በረቡዕ ቀን ሥር መሆኑንም ልብ ይበሉ። ለፖሊስ በሚሰጡት ፍላሽ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር በወረቀት ጽፈው ያያይዙ።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላልዎ መጀመሪያ ኬብሉን ለአራቱም ቦታ ዘርግተው፣ ባትሪውን ገዝተው፣ የእግረኛውን በር ካሜራ ብቻ ይስቀሉ፤ ሌሎቹ በየወሩ ይጨመራሉ። ሲያልቅ አንድ ሌሊት ይምረጡ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብሬከሩን ራስዎ ያጥፉትና ይተኙ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወንድምዎ ወይም ጎረቤትዎ ጋቢ ተከናንቦ በእግረኛው በር ገብቶ፣ ፓምፑን ዞሮ በጓሮ ይውጣ። ጠዋት ቡና ሲፈላ ቅጂውን ይክፈቱትና ገቢውን ለማያውቅ ሰው አሳይተው ማን እንደሆነ ከጎረቤቶች መካከል እንዲለይልዎ ይጠይቁት። ካልለየው ካሜራውን ግማሽ ሜትር ዝቅ ያድርጉት።